«የሜጋን ታሪክ»፦ ወላጆችን ለማስተማር የታሰበ አንድ ፊልም ሲመረመር

ትምህርታዊ ፊልም የሚመዘነው እንደ ሌላው ፊልም አይደለም። ለጥበብ ተብሎ የተሠራ ፊልም በአዳራሹ ውስጥ በተመልካቹ ልብ ላይ ባሳደረው ስሜት ሊመሰገን ይችላል። የትምህርታዊ ፊልም ዋጋ ግን የሚታወቀው መብራቱ በርቶ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። የተዘጋጀው ለወላጆች ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይጠባል፤ ፊልሙን ያዩት እናትና አባት፣ ልጃቸው ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ ደፍሮ ሊነግራቸው የሚችል ወላጆች ሆነዋልን? ወይስ ከቀድሞው ይልቅ የሚፈሩ ሆነዋል? ወጣቶች በተንቀሳቃሽ ስልክ ስለሚለዋወጡት አደገኛ መልእክትና ምስል ወላጆችን ለማስተማር በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ፊልሞች ተዘጋጅተዋል። ከእነዚህ መካከል በሰፊው ታይቶ ብዙ ክርክር ያስነሣው «የሜጋን ታሪክ» የተባለው አጭር የአውስትራሊያ ፊልም ስለሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር የሚመረመረው እርሱ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ቲንክ ዩ ኖው» በተባለው የኢንተርኔት ደኅንነት ትምህርት ፕሮግራም አማካይነት ነው። ስሙ በግርድፉ ሲተረጐም «የምታውቅ ይመስልሃልን?» እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተቋቋመው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ በአውስትራሊያ የፌዴራሉ ፖሊስ ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ጋር በመተባበር አቋቋመው። ፈቃደኛ ገለጻ ሰጪዎች ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ በአዳራሽ ለተሰበሰቡ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና መምህራን ትምህርት ይሰጡ ነበር። ፊልሙ በዩቱብ ላይ ስለ ተጫነ ወጣቶቹም አይተውታል። ይህ ሁለት ዓይነት ተመልካች ማግኘቱ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ በፊልሙ ላይ ለቀረበው ነቀፋ አንዱ መነሻ ሆኗል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሜጋን የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስልኳ የራሷን ገላ ፎቶግራፍ አንሥታ ለአንድ የክፍል ጓደኛዋ ትልካለች። ወደ ክፍል ገብታም ትቀመጣለች። ልጁ ምስሉን ያያል፤ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ያም ለሌላው። ስልኮች ተራ በተራ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ዓይኖች ሁሉ ወደ እርሷ ይዞራሉ። በመጨረሻ መምህሩ ሳይቀር ምስሉን ያየዋል። ሜጋንም ኀፍረቱን መሸከም ሲያቅታት ከክፍሉ ሮጣ ትወጣለች። ከዚያ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ፣ ምስል ከእጅ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያየውና ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ተመልካቹ ደግሞ እንዲያስብበት የሚያሳስብ ነው።

ፊልሙ በጎ ጎን የለውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ረጅም ስብከት፣ አንድ ምስል ከላኪዋ ቁጥጥር የሚወጣበትን ፍጥነት በግልጽ ያሳያል። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ወላጆች ተንቀሳቃሽ ስልክን የሚያውቁት የመነጋገሪያ መሣሪያ አድርገው ነበር። ስልኩ ካሜራም፣ ፖስታ ቤትም፣ የማተሚያ መኪናም መሆኑን ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ወላጆች በስብከት ከማስረዳት ይልቅ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲያይ ማሳየት ይበልጥ ያስረዳል። የስልኮቹ ድምፅ ተራ በተራ መሰማቱም ጥሩ የዝግጅት ሥራ ነው። የፊልሙ ችግር ከአሠራሩ ሳይሆን ከሚያስተምረው ነገር ላይ ነው።

በቅድሚያ ፊልሙ የተሠራበትን ዘመን ማስታወስ ያሻል። በእንግሊዝኛ «ሴክስቲንግ» የሚለው ቃል፣ ማለትም የእርቃን ምስልን ወይም የወሲብ መልእክትን በስልክ መላላክ፣ በጋዜጦች ዘንድ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ከ13 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች 20 በመቶው የራሳቸውን እርቃን ወይም ከፊል እርቃን ምስል ለሌላ እንዳስተላለፉ ገለጸ። ቁጥሩ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲዞር ብዙ ወላጅ አስደነገጠ። ይሁን እንጂ በጥናቱ ውስጥ የ18 እና የ19 ዓመት ጎልማሶች መካተታቸውን፣ መልስ ሰጪዎቹም በዕጣ ያልተመረጡ መሆናቸውን ያተተ ጋዜጣ ጥቂት ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 2009፣ ፒው የተባለው የምርምር ድርጅት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውንና ስልክ ያላቸውን ልጆች በጠየቀ ጊዜ የላኩት 4 በመቶ፣ የደረሳቸው ደግሞ 15 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከ20 ወደ 4 የሚወርድ ልዩነት በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢነገር ኖሮ ጭውውቱ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። «የሜጋን ታሪክ» የተሠራው ግን የመጀመሪያው ቁጥር የፈጠረው ድንጋጤ ገና ባልበረደበት ጊዜ ነው፤ ድንጋጤውም በፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል።

ወደ ዋናው ነቀፋ ሲታለፍ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፊልሙ የጥፋትን ሸክም ያከፋፈለበት መንገድ ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሉ እንደ ምርጫ ሆኖ የቀረበው ለሜጋን ብቻ ነው። እርሷ ፎቶግራፉን አነሣች፤ እርሷ ላከች፤ ስለዚህም ተቀጣች። ምስሉን ያስተላለፉት ተማሪዎች ግን ውኃ ቁልቁል እንደሚፈስ ያህል የተፈጥሮ ሕግ ፈጻሚዎች ሆነው ነው የሚታዩት። «ለምን አሳለፍኸው?» ብሎ የመጀመሪያውን ልጅ የሚጠይቀው የለም። ምስሉ ደርሶት የሰረዘ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ የመለሰ፣ ወይም ጎኑ የተቀመጠውን ተማሪ «ተው» ያለ አንድ እንኳ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የምርምር ሥራ 39 ጥናቶችንና ከ110 ሺህ በላይ ወጣቶችን አጠቃሎ መርምሮ ነበር። በውጤቱም ምስል ወይም መልእክት የላኩት 14.8 በመቶ፣ የደረሳቸው 27.4 በመቶ ሲሆኑ፣ የሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ያስተላለፉት 12 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ታውቋል። ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም፤ በጥቂት ሰው የተበተነ ምስልም ብዙ ዘንድ ይደርሳል። ነገር ግን አብዛኛው ወጣት አያስተላልፍም። ፊልሙ ሁሉም እንደሚያስተላልፍ አድርጎ ሲያሳይ እውነቱን ከማዛባቱም በላይ፣ ላለማስተላለፍ የሚያስበውን ልጅ «አንተ ብቻህን ነህ» ይለዋል። ወላጁንም ከሁለቱ ልጆች አንዱን ብቻ እንዲቆጣጠር ያስተምረዋል። ወንድ ልጅ ያለው አባት ከአዳራሹ ሲወጣ ነገሩ የሴት ልጅ ወላጆች ችግር መስሎት ቢወጣ የሚፈረድበት አይሆንም።

ይህን ነቀፋ መጀመሪያ በሰፊው ያቀረቡት ካት አልበሪና ኬት ክሮፎርድ የተባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ ፊልሙ የፈቃድን ጉዳይ፣ ማለትም ወድዶ በመላክና ያለ ፈቃድ በማሰራጨት መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚያድበሰብስ አመልክተዋል። አልበሪና የሥራ ባልደረቦቿ በሲድኒ ከ16 እና ከ17 ዓመት ወጣቶች ጋር ባደረጉት ውይይት ደግሞ ወጣቶቹ «ሴክስቲንግ» የሚለውን ቃል የአዋቂዎችና የጋዜጦች ቃል አድርገው እንደሚቈጥሩት ተገንዝበዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ወላጅ ልጁ በማይጠቀምበት ቃል ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ልጁ ሳይዋሽ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም» ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ነቀፋ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። በፊልሙ ውስጥ ያለው አዋቂ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መምህሩ። ይህ ሰው ምን ያደርጋል? ያያል። ምስሉን ያያል፤ ቀጥሎም ልጅቱን ያያል። ፊልሙ የመምህሩን ዓይን የመጨረሻው ውርደት አድርጎ ስለ ተጠቀመበት፣ መምህሩ ምንም ሥራ እንዳልሠራ ተመልካቹ ልብ ሳይለው ያልፋል። ትምህርቱን አላቆመም፤ ስልኮቹን አላሰበሰበም፤ ሮጣ የወጣችውንም ልጅ አልተከተለም። ለወላጆችና ለመምህራን በተዘጋጀ ፊልም ውስጥ አዋቂው ከተመልካችነት የማያልፍ መሆኑ ከባድ ስሕተት ነው።

መምህሩ ማየት ራሱ አልነበረበትም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ለትምህርት ቤቶች የወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲደርስ የትምህርት ቤት ሠራተኞች በግድ ካላስፈለገ በቀር ምስሉን እንዳያዩ፣ እንዳይገለብጡ፣ እንዳያትሙ፣ ለሌላም እንዳያስተላልፉ ያዛል፤ ልጁ የተናገረውን በቃል ሰምቶ ለጉዳዩ ኃላፊ ማስረከብ ይበቃል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ምስሉ የሕፃን ምስል ስለሆነ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም ይልቅ ልጅቱ ምስሉን ባየ ሰው ቍጥር አንድ ጊዜ ደግማ ትዋረዳለች። ብዙ መምህር በቅን ልቡና፣ «ለማስረጃ» ብሎ፣ ምስሉን ወደ ራሱ ስልክ ሊያስልክ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «የሜጋን ታሪክ» ይህን ስሕተት ከማረም ይልቅ ይፈጽመዋል።

ወላጅስ? ወላጅ በፊልሙ ውስጥ ከቶ የለም። ሜጋን ከክፍል ስትወጣ ታሪኩ ያበቃል። ወላጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ይህ ፊልም ሲታይ፣ ተሰብሳቢዎቹ ሊማሩበት የሚገባው ሰዓት፣ ይኸውም ልጅቱ ቤት የምትደርስበት ሰዓት፣ ተቈርጦ ቀርቷል። እናቲቱ በሩን ስትከፍት ምን ትበል? አባትየው ከጎረቤት ሰምቶ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ይጠይቅ? በማግሥቱ ልጅቱ ትምህርት ቤት ትሂድ ወይስ ትቅር? የወላጆች ትምህርት ማለት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ለወላጅ ሳይሆን ለልጁ የተነገረ ማስፈራሪያ ነው፤ ለዚያውም ማስፈራሪያውን የሰማው ወላጅ ነው። ከዚህ ሊማር የሚችለውም አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁን በፊልሙ ውስጥ እንዳለው መምህር ማየት።

የዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ከፊልም ወጥቶ በመንግሥት ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ ተንከሃኖክ በተባለ ቦታ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ከተማሪዎች ስልክ ላይ የልጃገረዶች ምስሎች አገኙ። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ምስሉ በስልካቸው ለተገኘባቸውም በምስሉ ለሚታዩትም ልጆች ወላጆች ደብዳቤ ጻፈ፤ ልጆቹ በእርሱ የተዘጋጀውን የማረሚያ ትምህርት ካልተከታተሉ በሕፃናት የወሲብ ምስል ወንጀል እንደሚከሳቸው አስታወቀ። ትምህርቱ ልጆቹ ምን እንዳደረጉና ያደረጉት ነገር ስሕተት የሆነው ለምን እንደሆነ ጽሑፍ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ነበር። ከሚያስከስሱት ምስሎች አንዱ ሁለት ልጃገረዶች ከወገብ በላይ በጡት መያዣ ሆነው የሚያሳይ ነው። አብዛኛው ወላጅ ፈርቶ ተስማማ። ጥቂት ወላጆች ግን እምቢ አሉና ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የሦስተኛው ክልል የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕጉ ልጅቱን ያላመነችበትን ጻፊ ብሎ ለማስገደድ፣ ወላጇም ልጁን በመሰለው ግብረ ገብ የማሳደግ መብቱን ለመንጠቅ ክስን መሣሪያ ማድረግ እንደማይችል ወሰነ።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የዚህ ፍርድ ቁም ነገር ከሕጉ ይልቅ ከወላጆቹ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ትምህርት ነው ያለው ነገር ወላጆችን ከሁለት ከፍሏቸዋል። ከፊሎቹ ልጃቸውን ይዘው ወደ ማረሚያው ሄደዋል፤ ሌሎቹ ልጃቸውን ለመከላከል ከመንግሥት ጋር ተሟግተዋል። ወላጅንና ትምህርት ቤትን በአንድ ወገን ሊያቆም የሚገባው ትምህርት ተቃዋሚዎች አደረጋቸው።

በአውስትራሊያ ራሷ ነገሩ ታርሟል። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረበው ሪፖርት፣ ትምህርቱ ምስሉን መጀመሪያ ባነሣው ልጅ ላይ ሳይሆን ያለ ፈቃድ በሚያሰራጨው ላይ እንዲያተኵር አሳስቧል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግም የሌላውን የእርቃን ምስል ማሰራጨትን፣ አሰራጫለሁ ብሎ ማስፈራራትንም ወንጀል ሲያደርግ፣ በዕድሜ ተቀራራቢ የሆኑ ወጣቶች በሕፃናት የወሲብ ምስል ሕግ እንዳይጠየቁ ልዩ ድንጋጌ አስገብቷል። ፊልሙ የተናገረውን የአገሩ ሕግ በሌላ አቅጣጫ መለሰለት ማለት ይቻላል።

ያም ሆኖ ከእነዚህ ሁሉ ነቀፋዎች የሚከብደው ፊልሙ ከወጣ በኋላ በተከተሉት ዓመታት የታየው ነው። የሜጋን ፊልም መሣሪያው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረትን አሳይቶ ልጅን ከጥፋት ይመልሳል ተብሎ ይታሰባል። ኀፍረት ግን የሌላም ወገን መሣሪያ ሆኗል። በኢንተርኔት ላይ ወጣት ሴት መስሎ የሚቀርብ ወንበዴ ከአንድ ልጅ የእርቃን ምስል ይቀበላል፤ በዚያችው ሰዓትም «ገንዘብ ላክ፤ አለዚያ ለወላጆችህና ለጓደኞችህ ሁሉ እበትነዋለሁ» ይለዋል። የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3,000 የሚበልጡ ልጆች በዚህ መንገድ መጠቃታቸውን፣ ከደርዘን በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ማጥፋታቸውን አስታውቋል። አብዛኞቹ ወንዶች ልጆች ናቸው። የወንበዴው ኀይል የተመሠረተው ልጁ «አባቴ ካወቀ አለቀልኝ» ብሎ በማመኑ ላይ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ልጄ፣ ምንም ይሁን ምን ንገረኝ» ያለ አባት ባለበት ቤት ማስፈራሪያው ኀይሉን ያጣል። በአንጻሩ፣ ሜጋንን ከክፍል ያባረረውን ኀፍረት ትክክለኛ ቅጣት አድርጎ የተማረ ወላጅ፣ ሳያውቀው ለወንበዴው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

ወላጅ ለልጁ ሊያደርገው የሚችለው ተግባራዊ ነገርም ከጊዜ ወደ ጊዜ ጨምሯል። ገንዘብ አለመላክ፣ መልእክቶቹን ሳይሰርዙ ማቆየት፣ የወንበዴውን መለያ ለመተግበሪያው ባለቤትና ለፖሊስ ማመልከት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ደግሞ በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ አገልግሎት ከፍቷል። ልጁ ምስሉን ለማንም መላክ አያስፈልገውም፤ በራሱ ስልክ ላይ ከምስሉ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቍጥር ምልክት ይወጣና ያ ምልክት ብቻ እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላሉ ተባባሪ ድርጅቶች ይተላለፋል፤ እነርሱም ምስሉን ካገኙት ያወርዱታል። በተመሰጠረ የግል መልእክት ውስጥ የሚዘዋወረውን ግን ሊያገኘው አይችልም። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን «ምስል ከእጅ ከወጣ አይመለስም» ከማለት ሌላ የሚነግረው ነገር አለው። «የሜጋን ታሪክ» ለተጐዳ ልጅ የሚነግረው የተስፋ ቃል አልነበረውም፤ እርግጥ ነው፣ በ2010 ይህ አገልግሎት ገና አልነበረም፤ ነገር ግን ፊልሙ የታመነ አዋቂን እንኳ አላሳየም።

«አታንሺ፤ አትላኪ» የሚለው ምክር በቂ አለመሆኑን እጅግ ግልጽ ያደረገው ከስፔን የመጣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በኤክስትሬማዱራ ግዛት፣ ወደ 30 ሺህ ሰው በሚኖርባት በአልሜንድራሌሆ ከተማ፣ ከ20 የሚበልጡ ልጃገረዶች የእርቃን ምስላቸው በዋትስአፕ ሲዘዋወር ተገኘ። አንዳቸውም እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አላነሡም። የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ልጃገረዶቹ ልብስ ለብሰው በማኅበራዊ ገጾቻቸው ያወጧቸውን ፎቶግራፎች ወስደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እርቃናቸውን እንደሆኑ አድርገው ለውጠዋቸው ነው። የሜጋን ፊልም ለእነዚህ ልጆች ወላጆች ምን ሊነግራቸው ይችላል? ልጆቻቸው የሚጸጸቱበት ነገር አላደረጉም። እናቶቹ ያደረጉት ግን በየትኛውም የወላጆች ትምህርት ውስጥ ሊገባ የሚገባው ነው። አንዲት እናት ጉዳዩን በይፋ ተናገረች፤ የልጆቹ ጥፋት እንዳልሆነ ገለጸች፤ ሌሎቹ ወላጆችም ተሰባስበው በአንድነት ቆሙ፤ ዝም ብለው የነበሩ ልጆችም ለወላጆቻቸው መናገር ጀመሩ። በ2024 የባዳሆስ የወጣቶች ፍርድ ቤት 15 ልጆችን በአንድ ዓመት የክትትል ቅጣት ቀጥቷቸዋል፤ ስለ ጾታ እኩልነትና ቴክኖሎጂን በኃላፊነት ስለ መጠቀም ትምህርት እንዲወስዱም አዟል። በዚህ ጊዜ ወደ ትምህርቱ የተላኩት አሰራጮቹ ናቸው።

ከሜጋን ፊልም ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሥራ በእንግሊዝ አገር የሕፃናት ብዝበዛ መከላከያው ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለወላጆች ያዘጋጃቸው አራት አጫጭር የሥዕል ፊልሞች ናቸው። እነዚህ ፊልሞች ወላጅን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነጋግሩታል። ወጣቶች ምስል የሚላላኩት ለምን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ከልጅ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል፣ መቼ መሥጋት እንደሚገባ፣ እርዳታም ከየት እንደሚገኝ ያመለክታሉ። ተዋናይ ልጅ ሳይሆን ሥዕል መጠቀማቸው ብቻውን ትልቅ ብልኅነት ነው፤ ተመልካቹ የሚያፈጥባት ልጃገረድ የለችም። ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። ፊልሞቹ የሚያስቡት ወላጅ ጊዜና ቃል ያለው፣ ከልጁ ጋር ስለ ገላና ስለ ፍቅር ቁጭ ብሎ መነጋገር የለመደ ወላጅ ነው። ድምፃቸው እጅግ የሰከነ ከመሆኑ የተነሣ የእውነተኛ ወላጅ ቍጣ በውስጣቸው ቦታ አላገኘም። ልጁ ላይ ከጮኸ በኋላ የተጸጸተ አባት እንዴት እንደገና ንግግር እንደሚጀምር የሚያሳይ አምስተኛ ፊልም ቢጨመርበት መልካም ነበር። ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ልጃቸው ተርጕሞ የሚያነብላቸው አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም እንደ ሌሎቹ ስደተኞች ሁሉ በፊልሞቹ ውስጥ አልታሰቡም። እንደዚያ ባለ ቤት የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ቢመጣ ተርጓሚው ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ፊልም ተርጕሞ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ለማቅረብ የሚያስብ ዕቅድ አውጪ ቢኖር፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ከላይ የተባለው ይጠቁመዋል። ነገር ግን ምርጫው ብቻውን አይበቃም። በብዙ ቤት የወላጅን ስልክ የሚያስተካክለው፣ ቴሌግራሙን የሚከፍተው፣ በቴሌብር ገንዘብ ሲላክ ቁጥሩን የሚጽፈው ልጁ ነው። «የልጅዎን ስልክ ይቈጣጠሩ» የሚለው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ ወላጅ መሣሪያ የሌለው ትእዛዝ ነው። ሊይዘው የሚችለው ቁጥጥር ሳይሆን ልጁ የሚያምንበትን ቃል ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። አማርኛ ለዚህ ድርጊት የተለመደ ስም ገና የለውም፤ በወላጅና በልጅ መካከል ነገሩ ሲነሣ «ነውር» በሚለው ቃል ታልፎ ይቀራል፤ ነውር ከተባለ በኋላ ደግሞ ጥያቄም መልስም የለም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ሌላ ቃል አለው፤ ገበና። ገበና ሸፋኝ ይመሰገናል፤ ገበና ገላጭ ይነቀፋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ በሜጋን ክፍል ውስጥ ነውር የሠራው ምስሉን ያሳለፈው ልጅ ነው፤ የሰው ገበና አደባባይ አውጥቷልና። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በብዙ ድካም ሊያስረዱት የፈለጉትን ልዩነት አንድ የገጠር እናት በዚህ ቃል ወዲያው ትረዳዋለች። ቃሉ አደጋም አለበት። ገበናን ለመሸፈን ሲባል የተጠቃች ልጅ ጉዳይ ለፖሊስ ሳይነገር፣ ለትምህርት ቤትም ሳይገለጽ በቤት ውስጥ ታፍኖ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዴም ልጅቱ ከትምህርት ገበታ ትወጣለች። ስለዚህ ቃሉን ለወላጆች የሚያቀርብ መምህር ገበና የሚሸፈነው ከአሰራጩ መሆኑን፣ ከሚረዳ ሰው ግን አለመሆኑን አብሮ ማስረዳት ይኖርበታል።

ሕጉንም መምህሩ ማወቅ ያሻዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በወሲባዊ ድርጊት የሚያሳይ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ክልከላው «ለማስረጃ ነው» በሚል ምስሉን በስልኩ ያኖረውን ሰው በቀላሉ አያልፈውም። በስብሰባው ላይ ይህ ከተነገረ በኋላ ምስሉ ለኮሚቴ ይታይ፣ ለርእሰ መምህሩ ይላክ የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ ሰብሳቢው በዚያው ሊያስቆመው ይገባል።

«የሜጋን ታሪክ»ን እንዳለ ማሳየት የመረጠ ትምህርት ቤት ቢኖር ደግሞ ፊልሙ እንዳበቃ መብራት አብርቶ ወላጆችን ማሰናበት የለበትም። ሦስት ጥያቄዎች ቢነሡ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ልጅ ምስሉን ከማሳለፉ በፊት ወላጁ ምን ነግሮት ቢሆን ኖሮ ያቆመው ነበር? መምህሩ ስልኩን ሳያይ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ሜጋን ቤቷ ስትደርስ በሩን የሚከፍትላት ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ወላጆች ሲመልሱ እናቶችና አባቶች ለየብቻ በቡድን ሆነው ቢወያዩበት፣ በጋራ ስብሰባ የማይነገረው ብዙ ነገር ሊነገር ይችላል።